«ዴቨሎፕመንት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በእንግሊዝኛ ከምንማራቸው ቃላት ሁሉ ሳንጠራው የማንውለው አንድ ቃል ቢኖር «ዴቨሎፕመንት» ነው። በኢኮኖሚክስ ክፍል ይነገራል፤ በሕግ ክፍል ይነገራል፤ በምሕንድስናም ክፍል ይነገራል። ሁላችንም አንገታችንን እየነቀነቅን እንጽፈዋለን። ነገር ግን ሁላችንም የምንጽፈው አንድ ነገር ነውን? ይህን መጠየቅ የሰዋስው ጨዋታ አይደለም። ዛሬ በቂርቆስና በካዛንቺስ የሰውን ቤትና ጉርብትና የሚወስነው ይኸው ቃል ነውና።

እስቲ እንቁጠር። ፎቶግራፍ አንሺ ፊልም ሲያጥብ እንግሊዙ በዚህ ቃል ይጠራዋል። ሕፃን ሲያድግ፣ በሽታ ሥር ሲሰድ፣ ከጦር ግንባር አዲስ ወሬ ሲመጣ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሠራ፣ ባለገንዘብ መሬት ወስዶ ፎቅ ሲያቆም፣ አገር ከድህነት ስትወጣ፣ ቃሉ ያው አንዱ ነው። የመጣው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ትርጉሙ የተጠቀለለውን መፍታት ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን እ.ኤ.አ. በ1949 በበዓለ ሢመታቸው ስላላደጉ አገሮች ከተናገሩ ወዲህ ግን ቃሉ የመንግሥታት ሁሉ መፈክር ሆነ። ወደ እኛም ሰፈር ለመድረስ አልዘገየም። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ አፍሪካ አዳራሽም በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይህ ቃል ካዛንቺስ ጥግ ላይ ስንት ስብሰባ ተቀምጦበታል!

አማርኛ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል አልተረጐመውም። በ1967 ዓ.ም. ተማሪው ወደ ገጠር ሲዘምት የዘመቻው ስም «ዕድገት በኅብረት» ተባለ። ባንኩ ግን «የልማት ባንክ» ነው። ፕሮግራም የሚሠሩ ጓደኞቻችን «ሶፍትዌር ማበልጸግ» ይላሉ። ሕንፃ የሚሠራው «ግንባታ» ይላል። በአንድ የእንግሊዝኛ ከረጢት ውስጥ አራት የአማርኛ ቃላት አሉ ማለት ነው። እኛ የምንለው፣ እነዚህ አራቱ አንድ አይደሉም፤ አንዱን በሌላው ቦታ ማስቀመጥም የሚጐዳው ሰው አለ።

«ዕድገት» ከማደግ የመጣ ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ «እደግ፣ ተመንደግ» ይላል። እናት ልጇን ታሳድጋለች እንጂ በልጇ ፈንታ አታድግም። «ግንባታ» ደግሞ የድንጋይና የሲሚንቶ ነገር ነው፤ ማንም ሳይገባበት ሊያልቅ ይችላል። «ልማት» ግን የገበሬ ቃል ነው። አባቶቻችን «አገር ለማ» ሲሉ ሰው ሰፈረበት፣ መሬቱ ታረሰ፣ ከብቱ ረባ ማለታቸው ነበር። ተቃራኒውም «ጠፍ» ነው፤ ጠፍ መሬት ማለት ሰው የለቀቀው መሬት ነው። እንግዲህ በአማርኛ ሰው የሌለበት ልማት ብሎ ነገር የለም።

አሁን ወደ ካዛንቺስ እንመለስ። የሰፈሩ ስም ራሱ ከባዕድ ቃል የተወለደ ነው። ጣልያን በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያሠራቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበርና፣ ሕዝቡ ቃሉን ወስዶ በአፉ ልክ አሳምሮ የራሱ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ገባ። ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪውም ተነሥቶ ከፊሉ በከተማው ዳር ወዳለው ወደ ገላን ጉራ ሄደ። እነዚህን ሰዎች በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «የልማት ተነሺዎች» እንላቸዋለን። አንባቢ ሆይ፣ ቃሉን ልብ በል! «ተነሺ» ሲባል ሰውዬው በራሱ ፈቃድ ብድግ ያለ ይመስላል። ያስነሣው ማን እንደሆነ ቃሉ አይናገርም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ታዲያ ያ ያረጀ የቀበሌ ቤት ይቆይ ኖሯልን?» ይሉን ይሆናል። አይደለም። ጣሪያው የሚያፈስ ቤትና ለብዙ አባወራ አንድ መጸዳጃ ማንንም አያኮራም። ሰፊ መንገድ፣ የእግረኛ መሄጃና የመብራት ምሰሶ መልካም ነገሮች ናቸው። እኛ የምንለው፣ መንገዱ ሲያልቅ «ግንባታው አለቀ» እንበል ነው። ልማቱ አለቀ ለማለት ግን ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አለበት። እንጀራ እየጋገሩ ልጆቻቸውን ያስተማሩት እናት በአዲሱ ሰፈራቸው ደንበኛ አግኝተዋልን? ዕቁቡ ቀጥሏልን? ለዓመታት መዋጮ የተከፈለበት ዕድርስ አባላቱ በየአቅጣጫው ሲበተኑ ማን ያስተዛዝናል፣ ድንኳኑንስ ማን ይተክላል? መልሱ መልካም ከሆነ ልማት ነው ብለን እንመሰክር። መልካም ካልሆነ ግን ገና ግንባታ ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ በተለይ እኛን ተማሪዎችን ይመለከታል። ነገ ዕቅድ የምናወጣ፣ ደብዳቤ የምንፈርም፣ ሪፖርት የምንጽፍ እኛ ነን። እንግሊዝኛው ሁሉን ነገር በአንድ ስም ሸፍኖ ያልፍልናል፤ አማርኛው ግን ማን ለማ፣ ማን አለማ፣ ማን ተነሣ፣ ማን አስነሣ እያለ ባለቤቱን ይጠይቃል። ስለዚህ በምንጽፈው ጽሑፍ ሁሉ፣ በእንግሊዝኛም ቢሆን፣ «ዴቨሎፕመንት» የሚለውን ቃል ከመጻፋችን በፊት በልባችን አማርኛውን እንፈልግ። ግንባታ ከሆነ ግንባታ እንበል፤ ማፍረስም ከሆነ ማፍረስ እንበል። ልማት የሚለውን ቃል ግን ሰው ለለማበት ቦታ እናቆየው።