ፊልም የሚዳኘው ከታየ በኋላ ነው

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ጉዳዩን ከመነሻው መያዝ ይገባል። አንድ የአፍሪካ ፊልም በታላላቅ ፌስቲቫሎች ይመረጣል፣ ይሸለማል፣ ይወደሳል፤ ታሪኩ የተቀዳበት ሰፈር ነዋሪ ግን አንዲት ትዕይንት እንኳ ሳያይ ፊልሙን እንዲያወግዝ ወይም እንዲያጨበጭብለት ይጠየቃል። የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ርእሰ ጉዳያቸው ያደረጉ ፊልሞች ዕጣ በአብዛኛው ይኸው ነው። የእኛ አቋም አጭርና ግልጽ ነው፦ የተሸለመ ፊልም ሥራውን የሚፈጽመው በማኅበረሰቡ መካከል ታይቶ፣ ከታየም በኋላ ውይይት ሲካሄድበት ነው። ይህን የሚከለክለው ሳንሱርም፣ በሽልማቱ ብቻ ረክቶ የሚቀመጠው የኪነ ጥበብ ሰውም፣ ሁለቱም የፊልሙን ግማሽ አካል ይቆርጣሉ።

ከጎረቤታችን ከኬንያ እንጀምር። «ራፊኪ»፣ በስዋሂሊ «ጓደኛ» ማለት ነው፣ አባቶቻቸው በአካባቢ ምርጫ የሚፎካከሩ የሁለት ወጣት ሴቶችን ፍቅር የሚተርክ የናይሮቢ ፊልም ነው። ዳይሬክተሯ ዋኑሪ ካሂዩ ታሪኩን የወሰዱት ከዩጋንዳዊቷ ደራሲ ከሞኒካ አራክ ደ ኒዬኮ አጭር ልቦለድ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2018 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ሆነ። ነገር ግን ካን ከመድረሱ በፊት፣ በሚያዝያ ወር፣ የኬንያ የፊልም ምደባ ቦርድ በአገር ውስጥ እንዳይታይ አገደው። ካሂዩ እንደተናገሩት፣ ቦርዱ መጨረሻው እንዲለወጥ ጠይቆ ነበር፤ ተስፋ የሚታይበት ሆኖ አግኝቶታልና።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል! ልጃገረዶቹ ተቀጥተው፣ አልቅሰውና ተጸጽተው ቢለያዩ ኖሮ ያው ፊልም ሊያልፍ ይችል ነበር ማለት ነው። ታዲያ ይህ የሥነ ምግባር ጥበቃ ነው ወይስ የድርሰት ትእዛዝ? የመጨረሻውን ገጽ ለደራሲው ሊጽፍለት የተነሣ ቦርድ መዳቢ መሆኑ ቀርቶ ተባባሪ ደራሲ ሆኗል፤ ያውም ስሙ በፊልሙ ላይ የማይጻፍ፣ ለሥራው ጥራትም ኃላፊነት የማይወስድ ተባባሪ ደራሲ።

በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ዳኛ ዊልፍሪዳ ኦክዋኒ እገዳው ለሰባት ቀናት ተነሥቶ ፊልሙ ለዐዋቂዎች እንዲታይ ወሰኑ። የናይሮቢ ሲኒማ ቤት ሞላ፤ ወንበር ያጡ ሰዎች ተመለሱ። በእነዚያ ሰባት ቀናት ሰማይ አልተደፋም፣ ቤተሰብም አልፈረሰም። የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኬንያውያን ስለ ኬንያ የተሠራን ፊልም በገዛ ከተማቸው ተመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሌላ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ እገዳውን አጸኑ፤ ክርክሩም ወደ ይግባኝ ተሸጋገረ። የሰባቱ ቀናት ምስክርነት ግን በማንም ፍርድ አይሻርም።

«ሽልማቱ የውጭ ሰዎች ሽልማት ነው» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2019 በዋጋዱጉ በተካሄደው በፌስፓኮ፣ ማለትም በአህጉራችን ታላቅ የፊልም ፌስቲቫል፣ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት የተሰጠው ለማን ነበር? ለ«ራፊኪ» ተዋናይት ለሳማንታ ሙጋትሲያ ነበር። እንዲያውም የውጭ ነገር እንፈልግ ከተባለ፣ ብዙ ርቀን መሄድ አያሻንም፤ ድርጊቱን በኬንያ ወንጀል ያደረገው ድንጋጌ ራሱ ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ የተወረሰ ነው።

ከዚህ ይልቅ ክብደት ያለው ተቃውሞ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። የጆን ትሬንጎቭ «ኢንኬባ» (ቁስል) እ.ኤ.አ. በ2017 ለዕይታ በቃ። ፊልሙ በኮሳ ሕዝብ የወንዶች ግርዛት ሥርዓት ውስጥ የሚገናኙ ሁለት ወንዶችን ፍቅር ያሳያል። የባህል መሪዎች የተቃወሙት ፍቅሩን ብቻ አልነበረም፤ ለውጭ ሰው የማይገለጥ ሥርዓት በአደባባይ ተገለጠ፣ ዳይሬክተሩም ነጭ ነው አሉ። ይህ ሊናቅ የሚገባው አቤቱታ አይደለም። በአንጻሩ ከስክሪፕቱ ጸሐፊዎች አንዱ ታንዶ ምጎሎዛና ራሱ ኮሳ ነው፤ ስለዚሁ ሥርዓትም ቀደም ሲል ልቦለድ ጽፏል። እንግዲህ ኮሳ ከኮሳ የሚከራከርበት እውነተኛ ጉዳይ ተገኝቷል ማለት ነው። ክርክሩ መካሄድ የነበረበት የት ነው? ፊልሙ በታየበት አዳራሽ ውስጥ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ በተቃውሞ ምክንያት ሲኒማ ቤቶች ትዕይንቱን ሰረዙ፤ የይግባኝ ጉባኤውም ፊልሙን ከወሲብ ፊልሞች ተራ መደበው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት ምደባውን ሻረ። ፊልሙ ነፃ ወጣ፤ ሽማግሌውና ወጣቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሊነጋገሩ የሚችሉበት ጊዜ ግን በክስ መዝገብ ተበላ።

የማኅበረሰብ ትዕይንት ምን ሊያደርግ እንደሚችል የጀርመን ታሪክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሮዛ ፎን ፕራውንሃይም «ጠማማው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪው ሳይሆን የሚኖርበት ሁኔታ ነው» የሚል ረጅም ርእስ ያለው ፊልም አቀረበ። ፊልሙ ውዳሴ አልነበረም፤ የሚቆምላቸውን ሰዎች ራሳቸውን በፍርሃታቸውና በመደበቃቸው ክፉኛ ይወቅሳል። በምዕራብ በርሊን ከታየ በኋላ ተመልካቹ ተቆጣ፣ ተከራከረ፤ ከዚያም ውይይት በዚያው ዓመት ለመብት የሚታገል ማኅበር ተወለደ። በምሥራቅ በርሊንም የሃይነር ካሮ «ካሚንግ አውት» የመንግሥት በሆነው በዴፋ ስቱዲዮ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 1989፣ የበርሊን ግንብ በተከፈተበት ሌሊት፣ ለሕዝብ ታየ። የብር ድብ ሽልማት ያገኘው በተከታዩ ዓመት ነው። የቅደም ተከተሉን ትርጉም እናስተውል፤ ሕዝቡ ቀደመ፣ ሜዳሊያው ተከተለ።

አሁን ደግሞ ፊታችንን ወደ ራሳችን ወገን፣ ወደ ኪነ ጥበብ ሰዎች እንመልስ። በርሊን ቴዲ የተባለውን ሽልማት ከ1987 ጀምሮ፣ ካን ደግሞ ከ2010 ወዲህ ልዩ ፓልም ለእነዚህ ፊልሞች ይሰጣሉ። መልካም ነው። ነገር ግን ፊልሙን በፌስቲቫል አይቶ ተመልሶ «ሕዝባችን ገና አልበሰለም» የሚል ምሁር ከሳንሱር ሹሙ በምን ይለያል? ሹሙ በማኅተም የሚዘጋውን በር እርሱ በንቀት ይዘጋዋል። ሕዝብ የሚበስለው በመመልከትና በመከራከር እንጂ በመጠበቅ አይደለም።

ይህ ማለት ደግሞ ፊልም ተሸክሞ መንደር መግባት ብቻ ይበቃል ማለት አይደለም። ትዕይንቱ ለዐዋቂዎች ይሁን፤ ተመልካቹ ምን ሊያይ እንደሆነ አስቀድሞ ይነገረው። ንግግሩ በሚግባባበት ቋንቋ ይተርጎምለት። ውይይቱን የሚመራው ሰው ሰባኪ ሳይሆን አወያይ ይሁን፤ የሚቃወመውም ሳይሰደብ ይናገር። ከሁሉም በላይ ማንም ፎቶግራፍ አያንሳ፣ የመጡትንም ስም አይመዝግብ፤ ወደ አዳራሹ በመግባቱ ብቻ ሥራውን ወይም ቤቱን ሊያጣ የሚችል ሰው አለና። ይህን ጥንቃቄ ማድረግ የማይችል አዘጋጅ ትዕይንቱን ቢተወው ይሻላል። ድፍረት በራስ ላይ እንጂ በሌላው ሕይወት ላይ አይሞከርም።

መምህር ሆይ፣ ያላነበብከውን መጽሐፍ ለተማሪህ አትተችም። የባህል ሠራተኛ ሆይ፣ ያላየኸውን ተውኔት አትገመግምም። ታዲያ በፊልም ላይ ሲሆን፣ ያውም በእነዚህ ፊልሞች ላይ ሲሆን፣ ሕጉ ስለምን ይለወጣል? ፊልሙ ደካማ ከሆነ ድክመቱ በብርሃን ይታይ፤ ሐሰት ከሆነ ሐሰትነቱን የሚያውቀው ከፊት ወንበር ተነሥቶ ይመስክር። እውነት ከሆነ ግን፣ መጨረሻውን ለማስለወጥ የሚለፋው ሰው የሚፈራው ፊልሙን ሳይሆን ተመልካቹን ነው።