ከማሳ እስከ ማዕድ፦ የላስታን አትክልት በአጭር መንገድ ወደ ሸማቹ ማድረስ

በላስታ ተራሮች ግርጌ ምንጭና ጅረት እየጠለፉ አትክልት የሚያለሙ አርሶ አደሮች ቁጥር ቀላል አይደለም። ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና የሐበሻ ጎመን ለደጋውና ለወይና ደጋው አየር የሚስማሙ ሰብሎች ናቸው። ይሁን እንጂ በኩልመስክና በአካባቢው አንድ ነገር በተደጋጋሚ ይታያል። በገበያ ቀን ያልተሸጠ ጎመን ወይ በርካሽ ይሰጣል፣ ወይ ተመልሶ ለከብት ይቀርባል፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ የላሊበላ ነዋሪ አትክልት ተወደደ ሲል ይሰማል። አምራቹም ሸማቹም በአንድ ጊዜ የሚጎዱበት ይህ ሁኔታ የምርት እጥረት ብቻ የፈጠረው ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ መርዘምና መቆራረጥ የፈጠረው ነው።

ይህ ጽሑፍ መንገዱን ለማሳጠር የሚያስችለውን ሳምንታዊ የአትክልት ዘንቢል አሠራር፣ በላስታ ነባራዊ ሁኔታ ሊገጥመው የሚችለውን ፈተናና አገልግሎቱን ለመጀመር የሚፈልጉ ዜጎች ሊከተሉት የሚገባውን ሥርዓት ይተነትናል።

የገበያው ሰንሰለት

አትክልት እንደ እህል ጎተራ ገብቶ ዋጋ እስኪሻሻል የሚጠብቅ ምርት አይደለም። ሰላጣና የሐበሻ ጎመን በአንድ ቀን ይጠወልጋሉ፤ ቲማቲም በማዳበሪያ ተጠቅጥቆ ሲጓዝ ይጨፈለቃል። አርሶ አደሩ ይህን ስለሚያውቅ ገበያ ላይ የመደራደር አቅሙ ከፀሐይዋ ጋር አብሮ ይቀንሳል፤ ጧት የጠራውን ዋጋ ከሰዓት በኋላ አይደግመውም። ምርቱ ከሰብሳቢ ወደ ደላላ፣ ከደላላ ወደ ጅምላ ነጋዴ፣ ከዚያም ወደ ጉሊት ሲተላለፍ እያንዳንዱ የትርፍ ድርሻውን ብቻ ሳይሆን በመንገድ የሚበላሸውንም ግምት ዋጋ ውስጥ ያስገባል። ሸማቹ የሚከፍለው ለበላው ጎመን ብቻ ሳይሆን መንገድ ላይ ለተጣለውም ጭምር ነው።

በሰንሰለቱ ውስጥ ያሉ ነጋዴዎች ሁሉ አላስፈላጊ ናቸው ማለት አይደለም። ምርት የሚሰበስብ፣ የሚያጓጉዝና የገዢ አለመገኘትን ሥጋት የሚሸከም አካል ያስፈልጋል። ጥያቄው ይህንን ሥራ ማን፣ በምን ያህል ወጪና በማን ቁጥጥር ሥር ይሥራው የሚለው ነው።

የዘንቢል አሠራር ምንነት

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ ከተማ የሚኖሩ ቤተሰቦች ለተወሰኑ ወራት በየሳምንቱ የተመጣጠነ የአትክልት ዘንቢል ለመውሰድ አስቀድመው ከአምራቾች ጋር ይስማማሉ፤ ከዋጋውም የተወሰነውን ቀድመው ይከፍላሉ። አምራቾቹ ለማን፣ ምን ያህልና መቼ እንደሚያቀርቡ አውቀው ይዘራሉ። በተወሰነ ቀን የተሰበሰበው ምርት ተመዝኖ፣ ተደልድሎና በየዘንቢሉ ተሰናድቶ ወደ መረከቢያ ቦታ ይደርሳል። ሸማቹ የሚያገኘው ወቅቱ የሰጠውን ነው፤ በአንጻሩ ምርቱ የተሰበሰበው በዚያው ቀን ወይም በዋዜማው መሆኑን ያውቃል።

አሠራሩ በሌሎች አገሮች የቆየ ነው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቤት እመቤቶች ከገበሬዎች ጋር በቀጥታ መዋዋል የጀመሩበት «ቴይኬይ» የተሰኘው እንቅስቃሴ ይጠቀሳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 በማሳቹሴትስና በኒው ሃምፕሸር ሁለት እርሻዎች፣ በፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 በደቡባዊው የአገሪቱ ክፍል ተመሳሳይ ማኅበራት ተቋቁመዋል። የጋራ መለያቸው ሸማቹ የምርት ዘመኑን ሥጋት ከአምራቹ ጋር መካፈሉ ነው፤ በረዶ ጎመኑን ከመታው የዚያ ሳምንት ዘንቢል ይቀላል፣ ምርት ሲትረፈረፍ ደግሞ ይከብዳል።

በአገር ውስጥ ያለው መሠረት

ሐሳቡ በኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የግብርና ምርት ለአባላት ሲያቀርቡ ቆይተዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተስፋፋው የእሁድ ገበያም አምራቹንና ሸማቹን ለማቀራረብ ታልሞ የተዘረጋ ነው። የመዲናዋ ታሪካዊ የአትክልት መገበያያ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት መዛወሩ አንድ ትምህርት ሰጥቷል፤ የአንድ ሰፊ ከተማ አቅርቦት በአንድ ቦታ ላይ ሲንጠለጠል የቦታው መናጋት የሁሉንም ማዕድ ይነካል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የተደረገው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም የቤተሰብን ማዕድ በዓይነትና በመጠን ማሻሻልን ዓላማው ያደረገ ነው።

እነዚህ ሁሉ ጠቃሚ ቢሆኑም የአምራቹን ዋና ችግር ሙሉ በሙሉ አይፈቱም። የእሁድ ገበያ ምርቱ ከደረሰ በኋላ የሚሸጥበትን ቦታ ይሰጣል፤ የዘንቢል አሠራር ግን ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ገዢውን ያሳውቃል።

የላስታ ልዩ ሁኔታ፦ የጾም ቀን መቁጠሪያና የመስኖ ቀን መቁጠሪያ

በላሊበላና በዙሪያዋ የአትክልት ፍላጎት የሚመራው በወቅት ብቻ ሳይሆን በጾምም ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት የሚጾመው ጾመ ነቢያትና ሌሎቹም አጽዋማት የእንስሳት ተዋጽኦ ከማዕድ የሚወገድባቸው ጊዜያት ናቸው። በታኅሣሥ መጨረሻ ለገና በዓል ከየአቅጣጫው ወደ ላሊበላ የሚጎርፈው ምእመን ደግሞ የከተማዋን የምግብ ፍላጎት በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የአትክልት አቅርቦት ዕቅድ ባሕረ ሐሳብን ሳያገናዝብ ሊታቀድ አይችልም።

ሁለቱ ቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን ሲታዩ የሚከተለው ይገኛል። በጥቅምትና በኅዳር በመስኖ የሚተከል ጥቅል ጎመንና የሚዘራ ካሮት ሦስት ወር ገደማ ወስዶ በጥርና በየካቲት ይደርሳል፤ ይህም ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጋር ይገጥማል። ለጾመ ነቢያትና ለገና የሚደርስ ጎመን ግን በነሐሴ መተከል፣ ችግኙም በሐምሌ መጀመሪያ መፍላት ይኖርበታል። ይህ ጊዜ ዝናብ፣ በረዶና የቅጠል በሽታ የሚበረታበት ነው። በመሆኑም ለገናው ፍላጎት ዋናው መሠረት በክረምት የሚመረቱትና ተጠብቀው ሊቆዩ የሚችሉት ድንች፣ ነጭ ሽንኩርትና ሥራ ሥሮች ቢሆኑ ይመረጣል።

ትልቁ ሥጋት የሚመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ የጎመንና የቀይ ሥር ፍላጎት በድንገት ይወርዳል፤ ለዶሮ ወጥ የሚፈለገው ቀይ ሽንኩርት ብቻ በበዓሉ ዋዜማ ዋጋው ይንራል። ማሳውን በሙሉ ለሁዳዴ ጎመን ያዋለና ምርቱ በሁለት ሳምንት የዘገየበት አርሶ አደር የድካሙን ዋጋ ሊያጣ ይችላል። የዘንቢል ስምምነት ይህንን አስቀድሞ ሊያስተካክለው ይችላል፤ በበዓለ ሃምሳ የዘንቢሉ መጠን እንዲቀንስ፣ ዓይነቱም ወደ ሽንኩርት፣ ድንችና ቃሪያ እንዲያዘነብል በውል ሊሰፍር ይገባል።

ሌላው ሊጤን የሚገባው ጉዳይ ደንበኛው ማን ነው የሚለው ነው። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ የከተማዋ ሆቴሎች ጥራት ላለው አትክልት ተፈላጊ ደንበኛ ሆነዋል። ሆኖም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በወረርሽኙ፣ ቀጥሎም በጦርነቱና በአካባቢው በተከሰተው የጸጥታ ችግር የጎብኚው ፍሰት ክፉኛ ተዳክሟል። ሙሉ ዕቅዱን በሆቴል ላይ የመሠረተ አምራች ከጎብኚው ጋር አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ የአሠራሩ ምሰሶ ዓመቱን ሙሉ የሚመገበው ነዋሪ፣ ማለትም የመንግሥት ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ነጋዴውና የተቋማት ምግብ ቤት ሊሆን ይገባል፤ ሆቴሉ ተጨማሪ ደንበኛ ይሁን።

የማጓጓዣ ስሌት

አሠራሩ የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው በመጓጓዣ ወጪ ነው። ለማሳያ ያህል 60 ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው በሳምንት 5 ኪሎ ቢወስዱ ጠቅላላው 300 ኪሎ፣ ማለትም 3 ኩንታል ይሆናል። ይህ በ15 አርሶ አደሮች ሲከፈል ለእያንዳንዱ 20 ኪሎ ነው፤ ከአንዲት አነስተኛ የመስኖ ማሳ የሚገኝ መጠን ነው። የአንድ ጉዞ ኪራይ 3,000 ብር ቢሆን በኪሎ 10 ብር ያርፋል። የቤተሰቦቹ ቁጥር ወደ 20 ቢወርድ ግን ያው ኪራይ በኪሎ 30 ብር ስለሚሆን የአሠራሩ ጥቅም በመኪናው ኪራይ ይበላል። ስለሆነም በቂ ደንበኛ ሳይመዘገብ ሥራውን መጀመር አይመከርም። ወደ ከተማ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ጋር አስቀድሞ መስማማትም ወጪውን ይቀንሳል።

ዘንቢሉን ቤት ለቤት ማደል በዳገታማዋ ላሊበላ ወጪና ጊዜ የሚጠይቅ በመሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ቋሚ የመረከቢያ ቦታዎችን መወሰን የተሻለ ነው፤ አረጋውያንና አቅመ ደካሞች በባጃጅ እንዲደርሳቸው ማድረግ ይቻላል። ትእዛዝ በስልክ ጥሪና በአጭር መልእክት፣ ክፍያም በቴሌብር ወይም በባንክ ሊፈጸም ይችላል። የኔትወርክ መቆራረጥ በሚያጋጥምበት ጊዜ ግን ሥራው እንዳይቆም የወረቀት መዝገብ ከጎን መያዝ አለበት። ምርቱ በማዳበሪያ ሳይሆን አየር በሚያስገባ የፕላስቲክ ሳጥን ቢጫን ብልሽቱ ይቀንሳል።

የሕግ ማዕቀፍ

አምራቾች በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ተደራጅተው መሥራት ይችላሉ። በማኅበር ውስጥ እያንዳንዱ አባል የዕጣው ብዛት ምንም ይሁን ምን አንድ ድምፅ ብቻ ያለው ሲሆን፣ ማንም አባል ከተከፈለው ጠቅላላ የዕጣ ካፒታል ከ10 በመቶ በላይ ሊይዝ አይችልም። ይህ ድንጋጌ ማኅበሩ በጥቂት ባለ ገንዘቦች እጅ እንዳይወድቅ ይጠብቃል። በአካባቢው አስቀድሞ የተቋቋመ ሁለገብ ማኅበር ካለ አዲስ ከመመሥረት ይልቅ በነባሩ ሥር የአትክልት አቅርቦት ክፍል መክፈት ጊዜና ወጪ ይቆጥባል።

አስቀድሞ በሚደረግ ስምምነት ማምረትን በሚመለከት የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 ወጥቷል። የሸማቹን መብት በተመለከተ ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተፈጻሚ ነው።

አገልግሎቱን የሚፈልጉ ዜጎች የሚከተሉት ቅደም ተከተል

1. አምራቾች በቀበሌያቸው የግብርና ባለሙያ አማካይነት የመስኖ ውኃቸውን፣ የማሳቸውን ስፋትና የሚደርስበትን ወር በመመዝገብ የጋራ የተከላ መርሐ ግብር ያዘጋጃሉ። ሁሉም በአንድ ሳምንት እንዳይተክሉ ተራ ማውጣት የመርሐ ግብሩ ዋና ዓላማ ነው።

2. ለመደራጀት የሚፈልጉ አምራቾች የመሥራች ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የአባላት ስም ዝርዝርና ፊርማ እንዲሁም የሥራ ዕቅድ ይዘው ለወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ያመለክታሉ። ጽሕፈት ቤቱ የሚጠይቃቸውን ተጨማሪ ሰነዶች ከጉባኤው በፊት ጠይቆ መረዳት መመላለስን ያስቀራል።

3. ሸማቾች በመሥሪያ ቤት፣ በእድር ወይም በሰፈር ተሰባስበው የቤተሰቡን ቁጥርና የሚፈልጉትን መጠን ያስመዘግባሉ፤ አንድ ተወካይም ይመርጣሉ።

4. ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ ይዋዋላሉ። ውሉ የዘንቢሉን ክብደት፣ የዋጋ አወሳሰኑን፣ የማስረከቢያ ቀኑን፣ የቅድሚያ ክፍያውን፣ በአጽዋማትና በበዓለ ሃምሳ የሚደረገውን ለውጥ፣ በረዶ፣ ድርቅ ወይም የመንገድ መዘጋት ሲያጋጥም የሚወሰደውን እርምጃና የአለመግባባት አፈታቱን መያዝ አለበት።

5. ሚዛኑ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ሊሆን ይገባል። የእርሻ ኬሚካል የተጠቀመ አምራች በመለያው ላይ የሰፈረው የመጠበቂያ ጊዜ ሳያልፍ ምርቱን መሰብሰብ የለበትም፤ የርጭቱን ቀንም ይመዘግባል።

6. በሚዛን፣ በጥራት ወይም በዋጋ ቅሬታ ያለው ሸማች በመጀመሪያ ለማኅበሩ የቁጥጥር ኮሚቴ፣ ካልተፈታ ለወረዳው ወይም ለከተማ አስተዳደሩ የንግድ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላል።

ሊታሰብባቸው የሚገቡ ሥጋቶች

አሠራሩ በሁሉም ቦታና ጊዜ ይሠራል ማለት አይቻልም። መንገድ በተዘጋበት ሳምንት ዘንቢሉ አይደርስም፤ ቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ደግሞ በቀላሉ የአለመተማመን ምንጭ ይሆናል። ስለዚህ የቅድሚያ ክፍያው ከዘርና ከማጓጓዣ ወጪ የማይበልጥና በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ የሚቀመጥ ቢሆን ይመረጣል። የጉሊት ዋጋ ከውሉ ዋጋ በላይ ሲወጣ አርሶ አደሩ ምርቱን ወደ ገበያ ለመውሰድ፣ ሲወርድ ደግሞ ሸማቹ ዘንቢሉን ለመተው ይፈተናል። በየወሩ መጨረሻ ዋጋውን በጋራ መከለስና ከማሳው ምርት የተወሰነውን ብቻ ለዘንቢል መመደብ ሁለቱንም ፈተናዎች ያለዝባል።

በመጨረሻም የአሠራሩ ስኬት የሚለካው በተሰበሰበው የቤተሰብ ብዛት ብቻ አይደለም። ከኩልመስክ አካባቢ የወጣ ጎመን ሳይጠወልግ ላሊበላ መድረሱ፣ አርሶ አደሩም በሚቀጥለው ጥቅምት ማንን ታሳቢ አድርጎ እንደሚተክል ማወቁ ዋናው መመዘኛ ነው። በጥቂት ቤተሰቦች ምዝገባ፣ በአንድ የመስኖ ወቅትና በአንድ የመረከቢያ ቦታ ተሞክሮ ውጤቱ ከታየ በኋላ ማስፋት፣ በአንድ ጊዜ ሰፊ ዕቅድ ይዞ ከመጀመር ይልቅ አስተማማኝ ነው። ለዘንድሮው የመስኖ ወቅት መዘጋጀት የሚፈልጉ አምራቾችና ሸማቾች የችግኝ ማፍያው ጊዜ ሳያልፍ ወደየወረዳቸው የግብርናና የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች ቀርበው ምክር ማግኘት ይችላሉ።