የሐሙስ ማታዋ ደብዳቤ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንዲት ትንሽ ደብዳቤ ነው። ነገሩ የራሴ የቤት ገመና ስለሆነ ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። ሆኖም ከናንተ መካከል የእኔን መሰል ችግር የገጠመው አይጠፋምና ቢጠቅም ብዬ አቅርቤዋለሁ።

ቤተሰባችን እንደ ብዙዎቻችሁ ቤተሰብ የተበተነ ነው። እናታችን ኮምቦልቻ ናት። ከልጆቿና ከልጅ ልጆቿ ገሚሱ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ ጅዳ፣ ሁለቱ ደግሞ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ይኖራሉ። እኔ የቤቱ ታላቅ ነኝና ከሦስት ዓመት በፊት ዘወትር ሐሙስ ማታ አንድ ገጽ ደብዳቤ እየጻፍሁ በቴሌግራም ለሁሉም መላክ ጀመርሁ። ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ የማን ልጅ ፈተና አለፈ፣ የእናታችን ስኳር ስንት ደረሰ፣ ይህን ሁሉ እጽፋለሁ። በመጨረሻም በዚያ ሳምንት ለእናታችን መድኃኒት ገንዘብ የላኩትን በስም ዘርዝሬ «ጀዛኩሙላሁ ኸይረን» ብዬ እዘጋለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት መልካም ነበር። ሁሉም መልስ ይጽፋል፣ ይቀልዳል፣ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ግን መልሱ እየቀነሰ ሄደ፤ በመጨረሻም የአውራ ጣት ሥዕል ብቻ ሆነ። ወጣቶቹ ጭራሽ ዝም አሉ። እኔም «የዛሬ ልጆች ለዘመድ ደንታ የላቸውም» እያልሁ በሌሉበት እወቅሳቸው ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ ወቀሳዬን ሰምታ «አንተ የምትልከው ደብዳቤ እኮ አይደለም፤ የእድር መዝገብ ነው!» አለችኝ። ተቆጣሁ። ሲያድር ግን ነገሩ ከነከነኝ።

በዚህ መሐል ትዝ ያለኝ የ«አል-መናር» ታሪክ ነው። ሙሐመድ ረሺድ ሪዷ በትሪፖሊ ሊባኖስ አጠገብ ባለችው ቀለሙን በምትባል መንደር የተወለዱ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በአባታቸው ወረቀቶች መካከል የ«አል-ዑርወቱል ዉስቃ» ቅጂዎችን አገኙ። ይህች ጋዜጣ ጀማሉዲን አል-አፍጋኒና ሙሐመድ ዐብዱህ እ.ኤ.አ. በ1884 ፓሪስ ላይ ያሳትሟት የነበረች ናት፤ 18 እትም ብቻ ወጥታ ነው የቆመች። ያችን ያነበበው ወጣት እ.ኤ.አ. በ1898 ካይሮ ገብቶ በዚያው ዓመት የራሱን ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመረ። ባለ 8 ገጽ ነበረች።

አጀማመሩ አላማረም። ከመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ብዙዎቹ ተመልሰው መጡ፤ የኦቶማን መንግሥትም ወደ ግዛቱ እንዳትገባ ከለከለ። ሪዷ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ በጀመሩበት መልክ ብቻም ድርቅ አላሉም። ሳምንታዊዋ ጋዜጣ ቆይታ ወርሃዊ መጽሔት ሆነች። እ.ኤ.አ. ከ1903 አንስቶም የአንባቢያን ጥያቄና የፈትዋ መልስ ቋሚ ቦታ አገኘ፤ ጥያቄው ከብዙ አገር ይጎርፍ ጀመር። መምህራቸው ሙሐመድ ዐብዱህ በሕይወት ሳሉ ከፖለቲካ ራቅ ብላ የነበረችው መጽሔት፣ እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1905 ከሞቱ በኋላ ስለ ፖለቲካ በሰፊው መናገር ያዘች። በዚህ አቅጣጫዋ የወደዷትም የነቀፏትም ብዙ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ ግን አንድ ነገር ነው። ሪዷ አንባቢያን መጽሔቲቱን እንዲተቹ በይፋ ይጋብዙ ነበር። የደረሳቸውንም ትችት በዚያችው መጽሔት ላይ እያተሙ መልስ ይሰጡበታል። አንባቢም መንገድ ይመራል። በቦርኒዮ ደሴት፣ ሰምባስ የሚኖሩ አንድ ዓሊም ሙስሊሞች ለምን ወደኋላ እንደቀሩ ሸኪብ አርሰላን እንዲጽፉላቸው በሪዷ በኩል ጠየቁ። መልሱ በአል-መናር ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1930ም መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ያ መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል። መነሻው አንድ የሩቅ አንባቢ ጥያቄ ነበር።

እኔ ደግሞ ለ40 ዘመድ የምጽፍ ሰው፣ «ምን ጎደለባችሁ?» ብዬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም!

ስለዚህ በአንድ ሐሙስ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ይህች ደብዳቤ መንገዷ የጠፋት ይመስለኛል። ለአራት ሳምንት እሞክራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የአያታችሁን የንግድ ጉዞ እተርካለሁ። በሁለተኛው ወጣቶቹ ይጠይቁ፣ እኔ እመልሳለሁ። በሦስተኛው ከናንተ አንዱ ይጽፋል። በአራተኛው ምንም አልጽፍም። ከዚያ የወደዳችሁትንም የጠላችሁትንም ንገሩኝ። በግል የሚነገረኝ ከእኔ ጋር ይቀራል።»

የመጀመሪያው ሳምንት ተወደደ። በሁለተኛው ሦስት ጥያቄ ብቻ መጣ። ሦስተኛው ሳምንት የሚኒሶታው ወንድሜ ልጅ በረዶ እየጠረገ ስለሚያሳልፈው ሌሊት ጽፎ ሁላችንንም አሳቀን። በአራተኛው፣ እኔ ዝም ባልሁበት ሐሙስ፣ ከጅዳ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። የእህቴ ልጅ ናት፤ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች።

«አጎቴ፣ ጠይቀሃልና ልናገር» አለችኝ። «ሐሙስ ሲመጣ ያመኛል። ደብዳቤህን የምጀምረው ከታች ነው፤ ስሜ እንደሌለ እያወቅሁ እፈልገዋለሁ። ሰውም ሁሉ እንደሌለ ያያል። ደመወዝ ከተከፈለኝ አራት ወር ሆኖኛል። ለእናቴ ደህና ነኝ ብያለሁ። ዛሬ ደብዳቤው ባለመምጣቱ እንቅልፍ ተኛሁ።»

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ስሰማ የተሰማኝን ኀፍረት ልገልጽላችሁ አልችልም። ለምስጋና ብዬ የጻፍሁት ዝርዝር ለካ ለአንዲት ልጅ የየሳምንቱ ፍርድ ሆኖባት ኖሯል። ዝም ያሉትን ወጣቶች ደንታ ቢስ ስል፣ ከዝምታቸው ጀርባ ምን እንዳለ አልጠየቅሁም ነበር። ይህን አሁን የምጽፈው በእርሷ ፈቃድ ነው፤ እናቷም ነገሩን ከራሷ አፍ ሰምታለች። ጉዳዩን የሚያውቁ ሰዎች አነጋግረን ከአራቱ ወር የሁለቱ ተከፍሏታል። የቀረውን አላህ ያግራው።

በሚቀጥለው ሐሙስ የስም ዝርዝሩን ማስቀረቴን ለሁሉም ጻፍሁ። የልጅቱን ጉዳይ ሳላነሳ «የመስጠትን ነገር በአደባባይ ማድረጌ ስህተት ነበር፤ ስህተቱም የኔ ነው» አልሁ። ይህም ያለ ዋጋ አልሆነም። አንድ ወንድሜ «ሒሳብ ልትደብቅ ነው ወይ?» ብሎ ተቀየመኝ። በመጀመሪያው ወር የመድኃኒቱ ገንዘብ ጎደለ፤ የጎደለውን እኔና ባለቤቴ ሞላን። ወንድሜ ያለውም ሐቅ አለውና አሁን በየወሩ መጨረሻ የገባውንና የወጣውን በድምር ብቻ እጽፋለሁ፤ ደረሰኙን ማየት የሚፈልግ ያያል። ስም የለበትም። ወንድሜም በዚህ ተስማምቷል፤ ገንዘቡም ቀስ በቀስ ተመልሷል።

አቅጣጫን በግልጽ መለወጥ ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ሌላም ምሳሌ አለ። አይ. ኤፍ. ስቶን የተባለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1953 ዋሽንግተን ላይ ባለ አራት ገጽ የግል ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቋመ። ጸሐፊው እርሱ፣ የደንበኞቹን መዝገብ የምትይዘው ባለቤቱ አስቴር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1956 ሶቭየት ኅብረትን ጎብኝቶ ሲመለስ፣ ብዙ ግራ ዘመም አንባቢዎቹን እንደሚያስቀይም እያወቀ ያየውን ጭቆና ጻፈ። ደንበኞች ከዱት፤ እርሱ ግን የጻፈውን አላጠፈም። በ5 ሺህ ገደማ አንባቢ የጀመረችው ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1971 ስትዘጋ ወደ 70 ሺህ ደርሳ ነበር። እኔ ከዚህ የተማርሁት ቁጥሩን አይደለም። አንባቢ የሚቀየመው መንገድ ስትለውጥ ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ የማያምንህ ግን ለውጡን ስትደብቀው ነው።

ለቤተሰብም ሆነ ለወዳጅ በየሳምንቱ የምትጽፉ ካላችሁ ከስህተቴ ያገኘሁትን ልመክር። ለመለወጥ ስትሞክሩ ሙከራ መሆኑን ተናገሩ፤ ጊዜውንም ወስኑለት። በግል ለመናገር የሚሻ በር ይኑረው። የነገራችሁን አማና ጠብቁ። አልፎ አልፎም አንድ ሳምንት ዝም በሉና ማን ምን እንደሚል አዳምጡ፤ እኔ በሦስት ዓመት ጽሑፍ ያልሰማሁትን በአንድ ሳምንት ዝምታ ሰምቻለሁ።

የሐሙስ ማታዋ ደብዳቤ ዛሬም አለች። በየወሩ አንዷን ሳምንት ሌላ ሰው ይጽፋታል። ባለፈው ተራው የጅዳዋ ልጃችን ነበር። ስለ ምንም ችግር አልጻፈችም፤ እናታችን በሕፃንነቷ ጠላ ብቅል መስሏት የነካችውን የገብስ በሶ እንዴት እንዳስለመደቻት ነው የጻፈችው። እናታችን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።

እናንተስ ይህን ዓምድ በምን መልክ ብናገኘው ትላላችሁ? የጎደለውን ጻፉልኝ። ለወሩ ኢንሻአላህ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም።