አፏን በመዳፏ የምትሸፍነው ሙሽራ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ጥርስ ነው። ግን እኮ ጥርስም ከፍቅር ብዙ አይርቅም!

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ሰርጓ ሁለት ወር ሲቀረው ደረጃ ላይ ወድቃ የፊት ጥርሷ ገሚሱ ተሰበረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍን ጀመር። ቤተዘመድ ተሰብስቦ መከረና «ይነቀልና ሌላ ይደረግላት» ተባለ። እሷም ሮጣ እኔ ዘንድ መጣች። ለምን እኔ ዘንድ አትሉም? በዚህ ነገር የተቀጣሁ ነኛ!

በ19 ዓመቴ አንድ የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ተበላ። እንቅልፍ ሲነሳኝ «ንቀሉልኝና ልገላገል» አልኩ፤ ተነቀለ። ይድን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ የነገረኝም የለም። ዓመታት ሲያልፉ ጎረቤቱ ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ዘመመ፤ የላይኛው ደግሞ ተጋጣሚ ቢያጣ ቁልቁል ወረደ። ይኸው በዚያ በኩል ማኘክ ከተውኩ ቆየሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ሳትጠይቂ እንዳታስነቅዪ!» ብዬ አብሬያት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ራጅ አይቶ «ሥሩ ደህና ነው፤ ለምን ይነቀላል? ክራውን ይበቃዋል» አለ። እኔ ክራውንና ብሪጅ አንድ ይመስሉኝ ነበር። ለካ ልዩነታቸው የትየለሌ ነው!

ክራውን ማለት ቆብ ነው። ሥሩ ላለ፣ አናቱ ግን ለተሰበረ ወይም ለተበላ ጥርስ ይደፋለታል። ጥርሱ ዙሪያውን ይሞረዳል፤ ልኩ ይወሰዳል፤ ጊዜያዊ ሽፋን ይደረግለትና ዋናው ተሠርቶ ሲመጣ ይለጠፋል። ነርቩ ከተጎዳ መጀመሪያ እሱ ይታከማል።

ብሪጅ ግን ድልድይ ነው። ጥርሱ ጭራሽ ከሌለ፣ ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶች ቆብ ይደፉና ሰው ሠራሹን ጥርስ መሐላቸው ይይዙታል። ልብ በሉ! ለአንድ የጠፋ ጥርስ ሁለት ጥርሶች ይሞረዳሉ ማለት ነው። የተሞረደ ጥርስ ደግሞ እንደ ጥፍር ተመልሶ አያድግም። ጎረቤት የማይነካው ኢምፕላንት ነው፤ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚቀበር የታይታኒየም ብሎን። ዋጋው ግን ይከብዳል። ተነቃይ ጥርስ ረከስ ይላል፤ ማታ ማታ ግን ማውለቅ ነው።

«አንዴ ካስገባሁ በቃ» የምትሉም አትሞኙ። ቆቡ አይበላም፤ ከሥሩ ያለው የራሳችሁ ጥርስ ግን ይበላል። ስለዚህ ድድ አጠገብ በደንብ መቦረሽ፣ ከድልድዩ ሥር ደግሞ በጥርስ ክር ማፅዳት የግድ ነው። በደንብ ከያዛችሁት ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ጤነኛ ጥርስ አስሞርዶ ለፋሽን ወርቅ ማልበስማ... እሱን ለእናንተው ትቼዋለሁ!

ምክሬ አጭር ናት። ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቁ፤ «ይህ ጥርስ ሳይነቀል አይድንም? ጎረቤቶቹስ ምን ይሆናሉ?» በሉ። መጠየቅ አያስከፍልም። አለመጠየቅ ግን እኔን አስከፍሎኛል።

ሙሽራዋ በሰርጓ ቀን እጇ አፏን ረስቶት ከት ብላ ስትስቅ ዋለች። እኔም የራሴን ድልድይ ለማሠራት ወረፋ ይዣለሁ።