እንቁራሪቷን ሳንገድል እንማርባት

እንቁራሪት ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ሆዷ ተቀዶ በስፒል የተወጠረችው የባዮሎጂ መጽሐፍ ሥዕል ናት። ጂንካ ላይ ግን ዝናብ በጣለ ማግስት ኔሪ ወንዝ ዳር ቆሞ ላዳመጠ ሕያዋኑ ሞልተዋል። ከእነሱ ለመማር መግደል አያስፈልገንም ባዮች ነን።

የዲኑ ምክንያት አጭር ነው። አንድ ሐኪም እንቁራሪትን ለመድኃኒት ስለማዋል ነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) በጠየቃቸው ጊዜ እንዳትገደል መከልከላቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ዑለማዎች በዝርዝሩ ቢለያዩም፣ ሳይገድሉ መማር እየተቻለ መግደልን የሚያስመርጥ ነገር አይታየንም።

መቻሉን ደግሞ ቆዳዋ ራሱ ያሳያል። በቆዳዋ ሴሎች ውስጥ ያሉት ጥቁር የቀለም ቅንጣቶች ሲበተኑ ትጠቁራለች፤ ወደ መሐል ሲሰበሰቡ ትገረጣለች። ዐይኗ ጥቁር መሬት ሲያይ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ የሚያጠቁር ሆርሞን ትለቃለች። በጨለማ ደግሞ ፓይኒያል የምትባለው እጢ ሜላቶኒን ታመነጫለች፤ በተለይ የግልገሎቹ ቆዳ በዚህ ይገረጣል።

ከሁሉ የገረመን ግን ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢግናሲዮ ፕሮቬንሲዮና ባልደረቦቹ ባለጥፍር ከምትባለው አፍሪካዊት እንቁራሪት የቆዳ ሴሎች ውስጥ ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን አገኙ፤ ሜላኖፕሲን አሉት። ሴሎቹ ከእንስሳዋ ተለይተው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አድገው እንኳ ብርሃን ሲያርፍባቸው ቀለማቸውን ይበትናሉ። ዐይን የለ፣ አንጎል የለ፤ ሱብሓነላህ! በ2000 ያው ፕሮቲን በሰው ሬቲና ውስጥም መኖሩ ታወቀ። እኛ ዘንድ ቀለም አይለውጥም፤ ቀኑንና ሌሊቱን ለሰውነታችን ሰዓት ይነግራል። እኩለ ሌሊት ድረስ ሞባይሉ ላይ አፍጥጦ ፈጅር ከበደኝ የሚል ወንድም ይህን ቢያውቅ አይከፋም።

የባለጥፍሯ ዘመድ የሆነችው ዜኖፐስ ክሊቪ በኢትዮጵያና በኤርትራ ትኖራለች። በአገራችን ካሉት የእንቁራሪት ዝርያዎች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ሌላ የትም አይገኙም። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብለን የምንቀዳት የትኛዋ እንደሆነች እንኳ ሳንለይ ልንገድላት እንችላለን።

ለባዮሎጂ ተማሪዎች የምናቀርበው ሐሳብ ብዙ ወጪ የለውም። ቅዳሜ ገበያ አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር ሳፋ ይገዛ። ጅራታቸው ያልጠፋ ጥቂት ግልገሎች ከነውሃቸው ይምጡና ለሁለት ይከፈሉ። ሳፋዎቹ እኩል ብርሃን በሚያገኙበት ጥላ ሥር ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ አለበለዚያ ለውጡ ከሳፋው ይሁን ከብርሃኑ አይለይም። በየግማሽ ሰዓቱ ፎቶ ይነሱ። የሚነካቸው ሰው እጁን ያርጥብ፣ በቆዳቸውም ይተነፍሳሉና። ሳይመሽ ወደ ተያዙበት ኩሬ ይመለሱ፤ ወደ ሌላ ኩሬ መውሰድ ቆዳቸውን የሚያጠቃውን ገዳይ ፈንገስ አብሮ መውሰድ ሊሆን ይችላል።