ጋይንት ላይ የሚመሽበት እንግዳ

ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር ተነሥቶ በመኪና ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው በየት በኩል እንደሚያልፍ ካርታ ዘርግታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁን? ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፤ ደብረ ታቦርን አልፎ የጉናን ትከሻ ይዞ ይወጣል፤ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ሻይ ይጠጣል፤ ከዚያ ጨጨሆን ይሻገርና ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ይህን ሁሉ አገር ሲያልፍ የመኪናው መስኮት እንደ ተዘጋ ነው፤ ይበርዳላ! ማታ ላሊበላ ገብቶ ሻንጣውን ሲያወርድ ጋይንት በሚባል አገር ማለፉን እንኳ ልብ አይለውም።

እኔ ዛሬ የማነሣው፣ ይህ አላፊ መንገደኛ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አንድ ሌሊት እንዲያድር፣ ያውም በጥር ብቻ ሳይሆን በዓመቱ ወራት ሁሉ እንዲመጣ ምን ያስፈልጋል? የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥያቄው የጌጥ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። ይኸውም ብዙው ገበሬ ያመረተው እህል ከዓመት ዓመት ስለማያደርሰው ነው። መሬቱ ጠቧል፤ ጉና ላይም እርሻው ሽቅብ እየወጣ ጓሳውንና አስታውን ገፍቶታል። ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ ዓይኑ የሚያየው ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ፣ አለዚያም ወደ ዐረብ አገር ነው። አስተማሪ ነኝና ይህን ዓይን በየዓመቱ ከፊቴ ተቀምጦ አየዋለሁ።

ስለ ልማት በተነሣ ቍጥር ሁሉም ሰው አስቀድሞ «መንገድ!» ይላል። መንገድ መልካም ነው፤ ወደ ስማዳ ቈላ፣ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ለሚወርደው ሰው አሁንም ብዙ ይቀራል። ዋናው የጋይንት መሥመር ግን መንገድ አጥቶ የተጐዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጐተቱት መንገዱን በየዕለቱ እያስደለደሉ፣ ቋጥኙን እያስፈነቀሉ በዚሁ በጨጨሆ በኩል ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀባቸው። ወደ በሽሎ የሚወርደውን ገደል ያስቈረጡበትን መንገድ ደግሞ፣ ሊወጋቸው የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ተመላለሰበት። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ቻይናዎች ከወረታ እስከ ወልድያ ሌላ መንገድ ቀደዱ፤ አገሬው «የቻይና መንገድ» ይለዋል፤ ኋላም አስፋልት ለበሰ። እንግዲህ መንገድ ሲሻሻል አላፊው ይበልጥ ይፈጥናል እንጂ ወርዶ አያድርም።

«ጋይንት እንግዳ ማሳደር የት ታውቃለች?» የሚል ቢኖር ግን አልስማማም። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት ነው። ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ፣ ከወሎ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ የመጣ ተማሪ በሣር ጎጆ እየኖረ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ክረምት ከበጋ ዓመታት ተቀምጦባታል። ማንም ሆቴል አልሠራለትም። ሕዝቡ ከገብስ ቂጣው ቈርሶ ሰጠው፤ የጎጆ መቀለሻ ቦታ አሳየው፤ ከውሻም ከልካይ ሆነው። ተማሪውም ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው ሌላ ቦታ የማያገኘው ትምህርት ስላለ ነው። ያችው ቤተ ልሔም በውጭ አገር ሰው ዘንድ የታወቀችው፣ ቶማስ ፓከናም የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1955 ወደዚያ ዘልቆ፣ በክብ የሣር ክዳን ውስጥ ተሸሽጎ የቆመውን በጥርብ ድንጋይ የታነጸ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አይቶ በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጻፈው ነው። ፈረንጆቹ «አገኘው» ይላሉ፤ ለመሪጌቶቹ መቼ ጠፍቶባቸው ያውቃልና!

አሁን ጥቂት ራቅ ወዳለ አገር ልውሰዳችሁ። በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል ሳንክት ሞሪትስ የምትባል ስመ ጥር የእንግዳ ከተማ አለች። ከፍታዋ 1,800 ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ እንኳ ዝቅ ትላለች፤ ነፋስ መውጫማ 3,000 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣ ቍልቍል ታያታለች። ድሮ ይህች ቦታ መንደር በነበረችበት ዘመን እንግዳ የሚመጣው በበጋቸው ብቻ ነበር፤ በረዶው ሲወርድ ሁሉም ሻንጣውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ዮሐንስ ባድሩት የሚባል የሆቴል ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1864 ለእንግሊዛውያን እንግዶቹ፣ «በክረምት ኑ፤ ፀሐይ ካላገኛችሁ የመንገዳችሁን ወጪ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ተወራረደ፤ እነርሱም መጥተው እስከ ፋሲካ ሳይወጡ ቀሩ ብለው ይተርካሉ። በ1870ዎቹ መጨረሻ ያው ሰውዬ በሆቴሉ ውስጥ በስዊዘርላንድ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ መብራት አበራ። ባቡር ወደ መንደሪቱ የገባው ግን በ1904 ነው። ሙቅ ክፍልና ቃሉን የሚጠብቅ ባለቤት ቀደሙ፤ ባቡሩ አርባ ዓመት ዘግይቶ እንግዳውን ተከትሎ መጣ።

ስዊዘርላንድ የባለጠጋ አገር ነው፤ ለእኛ ምሳሌ አይሆንም የምትሉኝ ከሆነ ጨጨሆን ብቻ ተሻገሩ። በመቄት ገበሬዎች በ1996 ዓ.ም. ገደማ «ተስፋ» በሚባል ሥራ አማካይነት በገደሉ አፋፍ ላይ በድንጋይና በሣር የእንግዳ ጎጆ መሥራት ጀመሩ። መቋት ማርያም ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። እንግዳው ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ ይሄዳል፤ ጓዙን አህያ ይጭንለታል፤ የመንደሩ ሰው ምግብ አብስሎ ያስተናግደዋል፤ ከገንዘቡም ድርሻው ለማኅበሩ ይገባል። ይህ ሁሉ የሆነው ከጋይንት ጋር ድንበር ለድንበር በሚተያይ አገር፣ በአንድ ዓይነት ድንጋይ፣ በአንድ ዓይነት ብርድ፣ በአንድ ዓይነት ድህነት ውስጥ ነው። ጕድለቱ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ የእግር ጉዞው ይቆማል፤ ይህን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ።

ስለዚህ በነፋስ መውጫና በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ባሉት መንደሮች አስቀድሞ የሚያስፈልገው ብዙ ፎቅ ያለው ሆቴል አይመስለኝም። ውሃ ነው። ርብንና ጉማራን ለጣና የሚያፈልቀው ያው ጉና ነው፤ በእግሩ ሥር ያለችው እናት ግን ጀሪካን አዝላ ዳገት ስትወጣ ትውላለች። ምንጩ ጎልብቶ በቧንቧ መንደሩ መካከል ከደረሰ እርስዋ ታርፋለች፤ እንግዳም ይታጠብበታል። ቀጥሎ ንጹሕ ሽንት ቤት፤ ይህን መጻፍ የሚያሳፍረው ካለ ይፈር፣ እኔ ግን አንድን ጐብኚ ከመንደር የሚያስወጣው ከብርዱ ይልቅ ይህ መሆኑን አምናለሁ። ከዚያ ቁንጫ የሌለበት አልጋ፣ ወፍራም ባና፣ የፀሐይ መብራት፣ ትኩስ የገብስ እንጀራ። ለባለ አገሩ የማይጠቅም ነገር ለእንግዳ ብቻ ቢሠራ ደግሞ እንግዳው የሄደ ዕለት ይፈርሳል፤ ማን ይጠግነዋል? ስለ ጅብራው፣ ስለ ጓሳው፣ ስለ ቤተ ልሔም የሚያስረዳ አስጐብኚም ከዚያው መንደር ተምሮ የወጣ ልጅ ቢሆን፣ ያ ቅድም ያነሣሁት ዓይን ወደ ዐረብ አገር ማየቱን ትንሽ ያቆም ይሆናል።

ክረምቱስ? እውነቱን እንናገር፤ የስዊዞቹ ክረምት በረዶው ላይ ፀሐይ ያበራበታል፤ የእኛ ጭጋግና ጭቃ ነው። ጉና በሐምሌ ፊቱን አያሳይም። ነገር ግን የአገሩ ታላቅ በዓል የሚውለው መቼ ነው? ነሐሴ 13 ቀን፣ ቡሄ፣ ደብረ ታቦር! ከተማዪቱ ስሟን የወሰደችው ከዚያው ከታቦር ተራራ ነው፤ ችቦው የሚበራው፣ ጅራፉ የሚጮኸው፣ ሙልሙሉ የሚጋገረው፣ «ሆያ ሆዬ» የሚባለው ዝናቡ በሚወርድበት ወር ነው። ሌላው ጐብኚ ገናንና ጥምቀትን ፍለጋ ላሊበላና ጎንደር ይሂድ፤ የክረምቱ እንግዳ የጉና አገር ሰው ድርሻ ነው። ባድሩት በፀሐይ ተወራረደ፤ እኛ በቡሄ ብንወራረድ ምን ይለናል? ሳምንታት ቈይቶ መስከረም ሲጠባ ደግሞ አደይ አበባው ተራራውን ያለብሰዋል፤ ቀጥሎ አጨዳው ይመጣል፤ እንዲህ እያለ ዓመቱ ይገጥማል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ገብቶ ሰውም ንብረትም ጎድቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም መንገደኛን ከመንገዱ አስቀርቷል። ሰላም ሳይወርድ አልጋ ማንጠፍ ትርፉ ድካም ነው የሚል ሰው አለ። እኔ ግን ምንጩን ማጎልበትና ሽንት ቤቱን መሥራት ጐብኚን የሚጠብቅ ሥራ አይመስለኝም፤ መንደሩ ለራሱ ይፈልገዋል። እንግዳው ሲመጣ አልጋውን ብቻ መጨመር ነው።

የመጀመሪያው እንግዳ ደግሞ ፈረንጅ መሆን የለበትም። እናንተ ተማሪዎች የምታርፉት በክረምት ነው። እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የምታገላብጡ ወጣቶች፣ በዓመት ፈቃዳችሁ ወር የአዲስ አበባን ካፌ ትቈጥራላችሁ። መንገዱ በሰላም የሚያስኬድ በሆነ ጊዜ ሦስት አራት ሁናችሁ ለቡሄ ደብረ ታቦር ግቡ፤ በማግሥቱ ጋፋትን አይታችሁ ወደ ነፋስ መውጫ ውጡ፤ ከመንደር ሰው ቤት አድራችሁም የአልጋውን ሒሳብ «እንግዳ ነኝ» ሳትሉ ክፈሉ። ሁለት ጋቢና የጭቃ ቦት ጫማ ያዙ። ጃንጥላችሁን ግን ቤት ተዉት፤ የጉና ነፋስ ይገለብጠዋል።