«አጥፍተው ያብሩት» እስከ መቼ?

ኢንተርኔት በተጎተተ ቁጥር ለጥሪ ማዕከል ደውዬ የማገኘው መልስ አንድ ነው። «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት!» አጠፋለሁ፣ አበራለሁ፤ ለውጥ የለም። ደግሜ ስደውል «እንግዲያው ችግሩ ከእርስዎ ኮምፒዩተር ነው» ይሉኛል። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ አንባቢ የየራሱን ይሙላበት። ግን ልጠይቅ፦ ሳያዩ፣ ሳይመረምሩ ጥፋቱን ደንበኛው ቤት መጣልን ማን አስተማራቸው?

እኔ የኮምፒዩተር ሊቅ አይደለሁም። ሆኖም የጎረቤቴ ልጅ ትሬስራውት የሚባለውን ነገር ካሳየኝ ወዲህ እንደ ድሮው አልሞኝም። ቫን ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ የጻፈው ነው። ዊንዶውስ ላይ አብሮ ስለሚመጣ ሰባራ ሳንቲም አያስከፍልም። «ሲኤምዲ» የሚባለውን ጥቁር መስኮት ከፍቶ ቲ፣ አር፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ፣ አር፣ ቲ ብሎ መጻፍ፣ ክፍተት ሰጥቶ ደግሞ የሚሄዱበትን አድራሻ መጨመር ነው፤ በቃ።

አሠራሩ የአውቶቡስ ነገር ነው። ለአንድ ፌርማታ ብቻ የሚበቃ ሳንቲም ይዞ የተሳፈረ መልእክተኛ አለ እንበል። ሳንቲሙ ሲያልቅ ያስወርዱታል፤ ያስወረደውም ሰው «እዚህ አውርጄዋለሁ» ብሎ ይልክብዎታል። ቀጥሎ ለሁለት ፌርማታ የሚበቃውን ይልካሉ፤ ከዚያ ለሦስት። በኔትወርኩም ፓኬቱ ቁጥር ተሸክሞ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ራውተር አንድ አንድ ይቀንስበታል፣ ዜሮ ያደረሰው ራውተር ፓኬቱን ጥሎ ለላኪው ያስታውቃል። በየፌርማታው 3 ጊዜ ይሞከራል፤ የፈጀው ጊዜ በሚሊ ሴኮንድ ይጻፋል፤ ካልተለወጠ በቀር እስከ 30 ፌርማታ ይቆጥራል።

እናም አንድ ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሞከርኩት። የመጀመሪያው መስመር የቤቴ ራውተር ነው፤ 1 ሚሊ ሴኮንድ። ሁለተኛው የድርጅቱ ደጃፍ፤ 9። ሦስተኛው፣ አድራሻው በዚያው በድርጅቱ ስም የተመዘገበው፣ 340! ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ እስከ መጨረሻው ከ340 በላይ። በማግስቱ ጧት 12 ሰዓት ላይ ያው ሦስተኛ መስመር 14 ሆኖ አገኘሁት። ለመሆኑ የእኔ ኮምፒዩተር ማታ ማታ ብቻ ነው የሚታመመው?

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፤ ኮከብ ባየ ቁጥር «ተያዙ!» የሚል ጎበዝ አለና። ኮከብ ማለት መልስ አልመጣም ማለት እንጂ መንገዱ ተዘጋ ማለት አይደለም። እቃውን እያሳለፉ ሲጠየቁ ዝም የሚሉ ራውተሮች ሞልተዋል። የበታቹ መስመሮች መልስ ከሰጡ ኮከቡን ይተዉት። አንዱ መስመር ብቻ ዘግይቶ የሚከተሉት ፈጣን ከሆኑም እንደዚያው ነው። አገራችን ባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገር፣ ለምሳሌ በጅቡቲ፣ አቋርጦ ነው ከባሕር ውስጡ ኬብል የሚደርሰው፤ አውሮፓ ሲገባ ቁጥሩ ቢጨምር የርቀቱ ዋጋ ነው። ጥፋት የሚባለው መዘግየቱ አንድ ቦታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሲዘልቅ ነው። መመለሻው መንገድም ሌላ ሊሆን ስለሚችል በሌላ ሰዓት፣ ወደ ሌላ አድራሻ መድገም ያስፈልጋል። እኔ ለአምስት ምሽት ደግሜዋለሁ።

ይህንን ሁሉ ለጥሪ ማዕከሏ ልጅ መስመር በመስመር አነበብኩላት። አልፈርድባትም፤ ፊቷ ላይ ያለውን ጽሑፍ ነው የምታነበው። «ውድ ደንበኛችን፣ ቅሬታዎ ተመዝግቧል። እስቲ ራውተሩን አጥፍተው…» አለችኝ። የወሩ ሒሳብ ግን አንድም ቀን ኮከብ አሳይቶ አያውቅም!

ምን ይደረግ፣ ንቀቱ ከላይ የወረደ ነው። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ለጋዜጠኞች ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም ብለው ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ደግሞ አገር ሙሉ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋበት። ከላይ እንዲህ ከተባለ የታችኛው ሹም ስለ ሦስተኛ መስመር ምን አስጨነቀው?

እኔ ግን የአምስቱን ምሽት ውጤት ከነሰዓቱ አትሜ ይዣለሁ። በየምሽቱ የሚጨናነቀውን ያንን መስመር ድርጅቱ ያስፋ፤ ካልሆነም ሙሉ ፍጥነት ብሎ የሚያስከፍለንን ገንዘብ ይቀንስ። ወረቀቱን የሚረከበኝ ኃላፊ ካለ ቢሮው ድረስ አመጣለታለሁ።